የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ውሳኔ ለሩስያ ይጠቅማልን?

የታላላቅ መንግሥታት ፉክክር ከሩቅ ለሚመለከተው ሰው ሚዛን ይመስላል። አንደኛው ወገን ሲቀልል ሌላው ሳይለፋ የሚከብድ፥ አንደኛው ከአንድ አገር ሲወጣ ሌላው በዚያው ቀን የሚገባ ይመስለዋል። በአሁኑም ዘመን የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የሚያደርጉት ሁሉ በመጨረሻ የሚጠቅመው ሩስያን ነው እየተባለ በብዙ አገር ይነገራል፤ ይጻፋልም። ይህንኑ ነገር አንዳንዱ እንደ ክስ፥ አንዳንዱም እንደ ምሥራች ይቀባበለዋል። ኢትዮጵያዊ ግን ነገሩን እንደ ሩቅ አገር ወሬ ሊሰማው አይገባውም። ይህ ጥያቄ በ1969 ዓ.ም. በራሳችን ምድር ላይ ተፈትኖ፥ ፍሬው ምን እንደ ሆነ አባቶቻችንና እናቶቻችን በዓይናቸው አይተዋልና።

በመጀመሪያ ዛሬ የሚባለውን ከሁለቱም ወገን መስማት ይገባል። የሚከሱት ወገኖች የሚያቀርቡት ማስረጃ ቀላል አይደለም። የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ስለ ዩክሬን በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ቀርቦ የኤውሮፓ መንግሥታት በደገፉት ውሳኔ ላይ፥ የአሜሪካ መንግሥት ከሩስያ ጋራ ሆኖ የተቃውሞ ድምፅ ሰጥቶአል። በዚያው ዓመት መጋቢት 24 ቀን በብዙ አገሮች ዕቃ ላይ አዲስ ቀረጥ ሲታወጅ፥ በኢትዮጵያ ዕቃ ላይ ከመቶ ዐሥር ሲጣል፥ የሩስያ ስም ግን በዝርዝሩ ውስጥ አልተገኘም። ከዚህም ሌላ ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን በያዙበት በጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የውጭ አገር ርዳታ ለዘጠና ቀን እንዲቆም አዘዙ፤ ዩኤስኤይድ የሚባለውም የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ሰኔ 24 ቀን ሥራውን አቁሞ የቀረው ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተላለፈ። በሞስኮም ይህን በደስታ የተቀበሉ ባለሥልጣኖች ነበሩ።

በሌላው ወገን ደግሞ እነዚሁ ፕሬዚዳንት ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ሮስኔፍትና ሉክኦይል በሚባሉት በሁለቱ ታላላቅ የሩስያ የነዳጅ ኩባንያዎች ላይ ማዕቀብ ጥለዋል። ስለዚህ አንዱን ውሳኔ ብቻ ነጥሎ ይዞ መፍረድ ከትክክለኛ ዳኛ የሚጠበቅ አይደለም። ስለ ሰውየው ልብ መመርመርም የእኛ ሥራ አይደለም፤ ልብን የሚመረምር እግዚአብሔር ነው። የመንግሥት ሥራ የሚመዘነው በፍሬው ነው። ለዚህም የሚሆነውን መመዘኛ ከራሳችን ታሪክ እንውሰድ።

ኢትዮጵያና አሜሪካ በግንቦት ወር 1945 ዓ.ም. የጦር ርዳታ ውል ተዋውለው ነበር። አሜሪካ በአሥመራ ቃኘው የሚባለውን የመገናኛ ጣቢያ ስትይዝ፥ ኢትዮጵያ ደግሞ መሣሪያና የጦር ትምህርት ታገኝ ነበር። ይህም ወዳጅነት ሃያ አራት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ጥር 12 ቀን 1969 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ሥልጣን ያዙ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ጥር 26 ቀን መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የደርጉን ሊቀ መንበር ጄኔራል ተፈሪ በንቲንና ባልደረቦቻቸውን አስገድለው ሥልጣኑን ለብቻቸው ጠቀለሉ። የካቲት 17 ቀን የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳይረስ ቫንስ፥ የሰው መብት ስለ ተረገጠ ለኢትዮጵያ፥ ለአርጀንቲናና ለኡራጓይ የሚሰጠው ርዳታ እንዲቀነስ መወሰኑን ለአገራቸው ምክር ቤት አስታወቁ። ደርጉም ሚያዝያ 15 ቀን የቃኘው ጣቢያ፥ የጦር አማካሪዎች ቡድን፥ የማስታወቂያ ቢሮና በአሥመራ የነበረው ቆንስላ እንዲዘጉ አዘዘ። ወሩም ሳያልቅ መንግሥቱ ወደ ሞስኮ ሄዱ።

በሐምሌ ወር የሶማልያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ። መስከረም 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ በጠላት እጅ ወደቀች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ኢትዮጵያ ገንዘብ የከፈለችበት መሣሪያ እንኳ በአሜሪካ እንደ ተያዘ ነበር። ያን ጊዜ ሶቪየት ኅብረት ትባል የነበረችው ሩስያ ግን ከኅዳር ወር ጀምሮ አንድ ቢሊዮን ዶላር ያህል የሚያወጣ መሣሪያ በአየርና በባሕር አጓጓዘች፤ 15 ሺህ ያህል የኩባ ወታደርም መጣ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ተመለሰች። ኅዳር 11 ቀን 1971 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የሶቪየት ኅብረት የወዳጅነት ውል በሞስኮ ተፈረመ።

ነገሩ እንዲህ በቅደም ተከተል ሲነገር መልሱ ግልጽ ይመስላል፤ ካርተር ገፉ፥ ሩስያ ተቀበለች ያሰኛል። እስከ ዛሬም ብዙ ሰው የሚለው ይህንኑ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ተዘንግቶአል። ደርጉ ከሞስኮ ጋራ መቶ ሚሊዮን ዶላር የሚገመት የመሣሪያ ውል በምሥጢር የተዋዋለው በታኅሣሥ 1969 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ካርተር በመንበራቸው ከመቀመጣቸው በፊት ነው። የቃኘውም ጣቢያ ቢሆን የሳተላይት ዘመን ስለ መጣ ጥቅሙ አንሶ፥ አሜሪካኖቹ ራሳቸው ሊዘጉት አስበው ነበር። እንግዲህ የፕሬዚዳንቱ ውሳኔ በሩን አልከፈተውም፤ ተገርበብቦ የቆየውን በር ወለል አደረገው እንጂ።

በሩን ማን ገርበብ አደረገው? ይህን ለመመለስ ወደ ዋሽንግቶንም ወደ ሞስኮም መሄድ አያስፈልግም፤ ከጐንደር ወደ ትክል ድንጋይ፥ ከዚያም ወደ ሳንጃና ወደ ሑመራ የሚወርደውን መንገድ መመልከት ይበቃል። በዚያው በ1969 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኅብረት ጦር ከሱዳን ጠረፍ ተነሥቶ ሑመራንና መተማን ይዞ ነበር። ከመሪዎቹም መካከል ራስ መንገሻ ሥዩምና ጄኔራል ነጋ ተገኝ ይገኙ ነበር። መንግሥት ገበሬውን በሚሊሺያ እየመለመለ ላከ፤ የአርማጭሆና የወገራ ሰውም ከሁለቱም ወገን ተሰልፎ ወንድም ከወንድሙ ተዋጋ። ጦሩ ከጥቂት ወራት በኋላ ተገፍቶ ወጣ። በጐንደር ከተማ ደግሞ ወጣቶች በቀይ ሽብር አለቁ። በሰሜን ከኤርትራ ግንባሮች፥ በምሥራቅ ከሶማልያ፥ በመካከል ከራሱ ሕዝብ ጋራ የሚዋጋ መንግሥት መሣሪያ ለሚሰጠው ሁሉ በሩን ይከፍታል፤ የሚጠየቀውንም ዋጋ መርምሮ ለመከራከር ጊዜ አያገኝም። «ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቈረጣል» የሚለው የአባቶች ቃል ለእንዲህ ያለው ጊዜ የተነገረ ነው። ለሩስያ መንገዱን የጠረገላት ከካርተር ውሳኔ ይልቅ የቤታችን ጠብ ነበር።

አሁን ደግሞ ሩስያ በእውነት ተጠቅማ እንደ ሆነ እንመልከት። ኢትዮጵያን ስታገኝ ሶማልያን አጥታለች። ሶማልያ ኅዳር 4 ቀን 1970 ዓ.ም. የሩስያን አማካሪዎች አባርራ የወዳጅነቱን ውል ቀደደች፤ በበርበራ የነበረውም የባሕር ኃይል ሠፈር ከሩስያ እጅ ወጥቶ፥ በ1972 ዓ.ም. በተደረገ ስምምነት አሜሪካኖች እንዲጠቀሙበት ተፈቀደ። በምትኩ ሩስያ በዳህላክ ደሴቶች ማረፊያ አገኘች። ከዚያ በኋላ ዐሥራ ሦስት ዓመት ያህል ለማያልቅ ጦርነት መሣሪያ በብድር ስታቀርብ ኖረች። ዕዳው ብዙ ቢሊዮን ደረሰ፤ ከጊዜ በኋላም አብዛኛውን ልትሠርዘው ግድ ሆነባት። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ከአገር ወጡ፤ በታኅሣሥ 1984 ዓ.ም. ደግሞ ሶቪየት ኅብረት ራሷ ፈረሰች። እንግዲህ በ1970 ዓ.ም. ለሞስኮ እንደ ታላቅ ትርፍ ተቈጥሮ የነበረው ነገር ዐሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላው ከመዝገብ ላይ ተፋቀ።

ለኢትዮጵያስ ምን ቀረላት? ጅጅጋ መመለሷ እውነት ነው፤ ይህን ውለታ የሚክድ የለም። ነገር ግን ይህም ቢሆን የእንግዳ መሣሪያ ብቻ ያደረገው አይደለም። በኦጋዴን ሰማይ ላይ በሩስያ የተሠሩትን የሶማልያን ሚግ አውሮፕላኖች ያሸነፉት፥ አሜሪካ ሠራሹን ኤፍ 5 አውሮፕላን የያዙ ኢትዮጵያውያን በረኞች ነበሩ። ትምህርቱ በእጃቸው ስለ ነበረ የርዳታው መቋረጥ ሙያቸውን አልወሰደባቸውም። በአንጻሩ ደግሞ በ1977 ዓ.ም. በወሎ፥ በትግራይና በሰሜን ጐንደር ረኀብ በጸና ጊዜ፥ ከሞስኮ ጋራ ውል የተፈረመ ቢሆንም፥ ከሁሉ የበዛው እህል የመጣው ከአሜሪካ ነው። ሩስያ ደግሞ የማጓጓዣ አውሮፕላንና መኪና ሰጠች። ከዚህም የምንማረው፥ የመንግሥት ወዳጅና የሕዝብ ቀላቢ ሁልጊዜ አንድ ላይሆኑ እንደሚችሉ ነው።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ ምስክር በጐንደር ከተማ ቆሞ ይታያል። በ1945 ዓ.ም. አካባቢ በደምቢያ ሜዳ የወባ በሽታ ተነሥቶ በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ፈጀ። ከዚያ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ በጐንደር ተከፈተ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት፥ የዓለም የጤና ድርጅት፥ ዩኒሴፍና የአሜሪካ ርዳታ ተባብረው አቋቋሙት። የጤና መኰንኖች፥ የመንደር ነርሶችና የንጽሕና ሠራተኞች ከዚያ እየተመረቁ ወደየአውራጃው ወጡ። የአሜሪካ ወዳጅነት በፈረሰ በማግሥቱ፥ በ1970 ዓ.ም.፥ የሩስያ አጋር በነበረችው በምሥራቅ ጀርመን በላይፕሲግ ያለው የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ረዳና ተቋሙ የሐኪሞች ኮሌጅ ሆነ። በ1983 ዓ.ም. መባቻ ምሥራቅ ጀርመን ራሷ ከካርታ ጠፋች። ኮሌጁ ግን አልጠፋም፤ በ1996 ዓ.ም. የጐንደር ዩኒቨርሲቲ ለመሆን በቃ። አሜሪካኖቹ ሲወጡ ያልተዘጋበት፥ ጀርመኖቹም ሲቀሩ ያልፈረሰበት ምክንያት አንድ ነው፤ መምህሩም፥ ተማሪውም፥ በሽተኛውም ኢትዮጵያዊ ስለ ነበረና የደመወዙን መዝገብ ራሳችን ስለ ያዝነው ነው። ከወዳጅ የተገኘው ነገር ጸንቶ የቆየው እኛ ይዘን በራሳችን ባደረግነው መጠን ነው።

እንግዲህ በዚህ መመዘኛ የዛሬውን ነገር እንየው። ኢትዮጵያ ከሰሐራ በታች ካሉት አገሮች ሁሉ የአሜሪካን ርዳታ በብዛት ስትቀበል የኖረች አገር ናት። በ2017 ዓ.ም. ርዳታው በተቋረጠ ጊዜ፥ ደመወዛቸው ከአሜሪካ ገንዘብ ይከፈል የነበረ አምስት ሺህ ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው ፈርሶባቸዋል። ይህም የሆነው ወባ እጅግ በበረታበት ወራት ነው፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2024 በአገራችን ከሰባት ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው በወባ እንደ ታመመ ተመዝግቦአል። ከትክል ድንጋይና ከዙሪያዋ ደጋ ወደ ታች አርማጭሆ፥ ወደ አብደራፊና ወደ ሑመራ ለሰሊጥና ለማሽላ አዝመራ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ደመወዙን ይዞ ሲመለስ ወባንና ካላዛርን አብሮ ይዞ ይመለሳል። እርሱን የሚያሳስበው በፕሬዚዳንቱ ውሳኔ ሞስኮ መደሰቷ አይደለም፤ በጤና ጣቢያው መርማሪና መድኃኒት መኖሩ ነው።

የአሜሪካ ቦታ ባዶ ሲሆን ሩስያ ገብታ ሞልታዋለችን? እስካሁን በታየው፥ በድምፅና በወዳጅነት ረገድ ያተረፈችው አለ። የአሜሪካ መንግሥት በፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ጊዜ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. አገራችንን አጎአ ከሚባለው ከቀረጥ ነፃ ንግድ ባወጣ በሦስተኛው ወር፥ መጋቢት 29 ቀን፥ ሩስያ ከሰብአዊ መብት ምክር ቤት እንዳትታገድ ኢትዮጵያ የተቃውሞ ድምፅ ሰጥታለች። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሪክስ ወደሚባለው ማኅበር ገብታለች። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ኑክሌር ኃይል ማመንጫ በሞስኮ የሥራ ስምምነት ተፈርሞአል። ከዚህም እንደሚታየው፥ የዋሽንግቶን ቍጣ ለሞስኮ መንገድ የሚያቀናው በአንድ ፕሬዚዳንት ዘመን ብቻ አይደለም። ነገር ግን ርዳታው ሲጐድል የተጓደለውን የመድኃኒትና የእህል መደርደሪያ ሩስያ አልሞላችውም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የሩስያው ፕሬዚዳንት ለስድስት የአፍሪካ አገሮች ያለ ዋጋ እህል እንሰጣለን ባሉ ጊዜ ቡርኪና ፋሶ፥ ዚምባብዌ፥ ማሊ፥ ሶማልያ፥ መካከለኛው አፍሪካና ኤርትራ ተጠሩ፤ የኢትዮጵያ ስም አልነበረበትም። ይህን የምንለው ሩስያን ለመንቀፍ አይደለም። ከዐድዋ ድል በኋላ ቍስለኞቻችንን ለማከም የመጡትን የሩስያን ሐኪሞች አገራችን በመልካም ታስባቸዋለች። ነገር ግን የእነርሱም መንግሥት እንደ ሌላው ሁሉ በመጀመሪያ የሚያስበው ለራሱ ነው፤ አያስወቅሰውምም።

ስለዚህ ለተነሣው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ባዶ ቦታ ትቶ ሲወጣ ሩስያ ልትጠቀም ትችላለች፤ ጥቅሟ ግን በእርሱ ውሳኔ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ባዶው ቦታ የሚገኝበት አገር ባለቤት ካለው፥ የወጣውም ወዳጅ ተመልሶ ሲመጣ በወግ ይቀበለዋል፤ የሚገባውም በልክ ይገባል። ባለቤቱ እርስ በርሱ የሚጣላ ከሆነ ግን የሚወጣው ንብረቱን ትቶለት አይወጣም፥ የሚገባውም ዋጋውን ሳይጭንበት አይገባም። ሁለቱም ሲሄዱ ዕዳውና መቃብሩ ለባለአገሩ ይቀራል። በ1969 ዓ.ም. የደረሰው ይህ ነበር።

ከዚህ የተነሣ የመንግሥት ሹማምንት ሦስት ነገር ሊያስቡ ይገባቸዋል። አንደኛ፥ እያንዳንዱ ወረዳ ከመድኃኒቱ፥ ከሠራተኛው ደመወዝና ከእህሉ የትኛው በውጭ አገር ገንዘብ ላይ እንደ ተንጠለጠለ በመዝገብ ለይቶ ይወቅ፤ ሕይወት የሚያድነውንም፥ ማለት የወባ መድኃኒትን፥ የወላድ እናትን መርጃና በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት የሚያስፈልገውን በሽተኛ ድርሻ፥ ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ በአገር በጀት ይያዝ። ሁለተኛ፥ ከአሜሪካም ሆነ ከሩስያ ጋራ የሚደረግ ውል በአንደኛው ላይ ስለ ተቈጣን ለመብቀል የሚፈረም አይሁን። በቍጣ የተፈረመ ውል ዋጋው የሚታወቀው ቍጣው ከበረደ በኋላ ነው። ሦስተኛ፥ እንግዶች የሚሰጡን ነገር ሁሉ ትምህርትን ይዞ እንዲመጣ ይሁን፤ በኦጋዴን አየር ላይ የረዳን እርሱ ነበርና፥ የጐንደርንም ኮሌጅ ያቆየው እርሱ ነውና።

ካህናትና ሊቃውንትም በዚህ ነገር ሥራ የላቸውም አይባልም። ዳዊት የሚደግም ሁሉ በመኳንንት መታመን ምን ያህል ደካማ እንደ ሆነ ያውቃል፤ ይህን ለሕዝቡ ማስተማር ደግሞ የእነርሱ ፈንታ ነው። ከሁሉም በላይ የማስታረቅ ሥልጣን በእጃቸው ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት የጐንደርንና የአርማጭሆን ሕዝብ ምን ያህል እንዳስጨነቀው እነርሱ ከማንም ይልቅ ያውቃሉ፤ የሚቀብሩትም የሚያጽናኑትም እነርሱ ናቸውና። መንገድ ሲዘጋ የወባ መድኃኒት አይደርስም፥ ልጅ ትምህርት ቤት አይሄድም፥ ሰሊጡም ገበያ አይወጣም። ሽማግሌ የሚሰማበት፥ ሹምም የሽማግሌን ቃል የሚያከብርበት አገር፥ ከውጭ የሚመጣው ነፋስ ከየትም ቢነፍስ አይናወጥም።

የዋሽንግቶንን ውሳኔ ዋሽንግቶን ትወስናለች፤ የሞስኮንም ትርፍ ሞስኮ ትቈጥራለች። በእኛ እጅ ያለው የራሳችን ቤት ነው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» እንደ ተባለ፥ በቤቱ የተስማማ፥ ጐተራውንና መድኃኒቱን ራሱ የሚጠብቅ ሕዝብ ለማንም መንግሥት ኪሳራም ሆነ ትርፍ መሣሪያ አይሆንም። ለዚህም መትጋት የሹሙም፥ የካህኑም፥ የገበሬውም የጋራ ዕዳ ነው።